ከደጅ ጥናት ወደ ፈተና ጥናት፦ የመንግሥት ሥራ በር ታሪክና እኛ

ወልድያ ወይም መርሳ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ የክፍት ሥራ መደብ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር፣ በማኅበራችን የሳምንት ቁጠባ ስብሰባ ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለማጣሪያው ምን እናጥና?» የሚል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተወሰነ መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ የማንጠይቀውን ሌላ ጥያቄ እናስቀድማለን። ለመሆኑ የመንግሥት ሥራ በፈተና ይሰጥ ያለው ማን ነው? ከዚያ በፊትስ በምን ይሰጥ ነበር? የሴት ልጅ ስም በዚያ መዝገብ ላይ የገባው መቼ ነው? ይህን ታሪክ ያወቀች ሴት ወደ ፈተና አዳራሹ ስትገባ የምትቀመጥበት ወንበር እንዴት እንደ ተገኘ ታውቃለችና፣ በቀላሉ ተስፋ አትቆርጥም ብለን እናምናለን።

በር ላይ መቆም

በአገራችን ለረጅም ዘመን ሥራና ሹመት የሚገኘው በደጅ ጥናት ነበር። ሹመት የፈለገ ሰው ወደ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ መኳንንቱ ግቢ ይሄድና በር ላይ ይቆማል። ቀን ይቆጥራል፣ ወር ይቆጥራል፣ አንዳንዱም ዓመት ይቆጥራል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፣ ሲገባ ይከተላል። ስንቁን ጨርሶ የተመለሰም አለ፤ ዓይን ውስጥ ገብቶ የተሾመም አለ። የሚመዘነው ትውልዱ፣ አማላጁ፣ ታማኝነቱና በጦር ሜዳ የሠራው ሥራ ነበር። ደመወዙም ዛሬ እንደምናውቀው በወር የሚቆጠር ብር አልነበረም፤ ማደሪያ መሬትና ከገበሬው የሚሰበሰብ ግብር ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ አሠራር ነው። ሥራው የሕዝብ አገልግሎት ሳይሆን የግል ሲሳይ ተደርጎ ይታይ ነበርና።

ይህ ማለት ግን አባቶቻችን ፈተናን አያውቁትም ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ በየኔታ ፊት ቆሞ ያጠናውን በቃሉ ይወጣ ነበር፤ ዲያቆን ለመሆንም ይፈተናል። በእኛው በየጁ፣ በዳናና በሌሎችም የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች፣ ደረሳው ኪታቡን በሼሁ ፊት አንብቦና አብራርቶ ብቃቱ ሲረጋገጥ ኢጃዛ ይቀበላል። ስለዚህ ዕውቀትን መመዘን በወሎ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነው ይህን ምዘና ከሃይማኖት ትምህርት ቤት አውጥቶ የመንግሥት ሥራ መግቢያ ማድረግ ነው።

ሴቶችም ደጅ ይጠኑ ነበር። ነገር ግን የእነሱ ደጅ ጥናት በአብዛኛው ለርስት ክርክርና ለፍርድ እንጂ ለሥራ አልነበረም። ተከራክራ መሬቷን ያስመለሰች ሴት በየቀበሌው ትወራለች። መዝገብ ይዛ፣ ቀለም ነክራ የመንግሥት ሒሳብ የጻፈች ሴት ግን በዚያ ዘመን አናገኝም።

ሁለቱ መነኖች

ከአካባቢያችን የተነሡ ሁለት እቴጌዎች ስማቸው አንድ ነው፤ መነን። የሁለቱ ሕይወት ሲነጻጸር የጽሑፋችንን ጉዳይ በደንብ ያሳያል።

የመጀመሪያዋ እቴጌ መነን ሊበን ናቸው። ከወሎ ባላባቶች ተወልደው፣ ወደ የጁ ቤት በጋብቻ ገብተው፣ የራስ ዓሊ ትንሹ እናት ሆኑ። በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ በጎንደር ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው፤ ጦር ያዘምቱ ነበር። ኃይለኛና ብርቱ ሴት እንደ ነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። ነገር ግን ወደዚያ ሥልጣን ያደረሳቸው በር ልደት፣ ጋብቻና ልጅ ነበር። ከባላባት ያልተወለደች የሐብሩ ወይም የጉባ ላፍቶ ገበሬ ልጅ በዚያ በር መግባት አትችልም።

ሁለተኛዋ እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። የተወለዱት ከሐብሩ ጋር በሚዋሰነው በአምባሰል ነው። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ነበሩ። እሳቸውም በልደትና በጋብቻ ነው እቴጌ የሆኑት። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራው የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የወንዶች ነበር። የመንግሥት ጸሐፊ፣ አስተርጓሚና ሒሳብ ሠራተኛ የሚወጣውም ከዚያ ነበር። ሴት ልጅ በልደቷ ሳይሆን በደብተሯ የምትገባበት በር መከፈት የጀመረው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

በኋላም ይህን ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1949 ዓ.ም. ምርጫ ተወዳድረው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። በወሎም ደሴ ላይ በወይዘሮ ስሂን ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት ለክፍለ ሀገሩ የዘመናዊ ትምህርት አንዱ ምንጭ ሆነ። ከወልድያና ከመርሳ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ ደሴ መውረድ ለእናቶቻችን ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ለወንድ ልጅ ስንቅ ይቋጠራል፤ ለሴት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ጥሎሽ ይቆጠር ነበር።

ፈተናው ከየት መጣ?

የመንግሥትን ሥራ በጽሑፍ ፈተና መስጠት በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው በቻይና ነው። ከ605 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል፣ የቻይና መንግሥት ሹማምንቱን በፈተና ይመርጥ ነበር። የድሃ ልጅም አጥንቶ ካለፈ ሊሾም ይችላል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ሴት ለፈተናው መቀመጥ አይፈቀድላትም ነበር። ፈተና መኖሩ ብቻውን ፍትሕ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን። ማን እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል የሚለው ከፈተናው እኩል ዋጋ አለው።

በእንግሊዝ በ1854 እ.ኤ.አ. ኖርዝኮትና ትሪቬልያን የተባሉ ሁለት ባለሥልጣኖች ባቀረቡት ሪፖርት፣ የመንግሥት ሠራተኛ በዝምድና መሆኑ ቀርቶ በውድድር ፈተና እንዲቀጠር ሐሳብ አቀረቡ። በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ በደም የተገዛ ነው ማለት ይቻላል። ሥራ ጠይቆ ያጣ አንድ ሰው በ1881 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በጥይት መታቸው፤ እሳቸውም በጉዳቱ ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1883 እ.ኤ.አ. የፔንድልተን ሕግ ወጣና ቅጥር በፈተና መሆን ጀመረ። በዚያው ዓመት በአዲሱ ሕግ መሠረት ከተቀጠሩት ሁለተኛዋ ሜሪ ፍራንሲስ ሆይት የተባለች ሴት ነበረች። የተመደበችውም በገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ነው። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ደስ ይለናል። በሩ በፈተና በተከፈተበት በዚያው ዓመት አንዲት ሴት ገብታ የሒሳብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

በአገራችን፦ ከ1900 እስከ 1954 ዓ.ም.

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ዘመናዊ የመሥሪያ ቤት አሠራር ተጀመረ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ቢሆንም የቅጥር መንገዱ አሮጌው ደጅ ጥናት ነበር። ሚኒስትሩ የሚያውቀውን፣ የሚያምነውን ወይም የተለመነለትን ሰው ያስገባል።

ጣሊያን ሲወር የተማረው ትውልድ ብዙ ሰው አጣ። ከነፃነት መመለስ በኋላ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ገዢዎችና ሹሞች ደመወዝተኛ እንዲሆኑ ተደረገ። ይህ በሒሳብ ዓይን ሲታይ ትልቅ ለውጥ ነው። ደመወዝ ካለ በጀት አለ፤ በጀት ካለ መደብ አለ፤ መደብ ካለ «ለዚህ መደብ የሚበቃው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ማደሪያ መሬት ለሰውየው የሚሰጥ ነበር። ደመወዝ ግን ለሥራው የሚሰጥ ነው።

ለጥያቄው መልስ የመጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ተቋቋመ፤ በተከታዩም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ወጣ። የደንቡ መሠረተ ሐሳብ ሥራ በችሎታና በውድድር ይሰጥ፣ መደቦች በደረጃ ይመደቡ፣ ለእኩል ደረጃ እኩል ደመወዝ ይከፈል የሚል ነበር። ማስታወቂያ ማውጣት፣ ማመልከቻ መቀበል፣ መፈተንና ውጤት መመዝገብ የሕግ ሥርዓት ሆነ። ዛሬ በመርሳ ሰሌዳ ላይ የምናነበው ማስታወቂያ የዚያ ደንብ የልጅ ልጅ ነው።

በወረቀት ላይ ያለው ሁሉ በተግባር ተፈጸመ ማለት አይደለም። ፈተናም እያለ አማላጅ አልጠፋም። ለሴቶች ደግሞ ሌላ አጥር ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር። ሴት ተፈትና ብታልፍም ከመሥሪያ ቤቱ በር በፊት የቤቷ በር ይጠብቃት ነበር። ይህ ድንጋጌ የተለወጠው በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም.፣ በክልላችን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በወጡት የቤተሰብ ሕጎች ነው። ብዙዎቻችን በዚያ ጊዜ ተማሪዎች ነበርን። ታሪኩ ሩቅ አይደለም።

እናቶቻችን እና መሠረተ ትምህርት

በደርግ ዘመን ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ተመራቂ በመንግሥት ምደባ ሥራ ያገኝ ነበር። ለተማረው ሥራ ማግኘት ያን ያህል አሳሳቢ አልነበረም፤ ችግሩ የተማረው ጥቂት፣ ከጥቂቱም ሴቷ ይበልጥ ጥቂት መሆኗ ነው።

ለአካባቢያችን ሴቶች የዚያ ዘመን ትልቁ ነገር ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይመስለናል። ዘመቻው በዩኔስኮ ተሸልሟል። ከማኅበራችን አንጋፋ እናቶች መካከል ፊደል የቆጠሩት በዛፍ ጥላ ሥር፣ ልጅ አዝለው፣ ከዘማች ተማሪዎች እንደ ሆነ የሚነግሩን አሉ። በመጨረሻ ተመዝነው ምስክር ወረቀት የተቀበሉም አሉ። ብዙዎቹ በሕይወታቸው የወሰዱት ፈተና ያ ብቻ ነው። ዛሬ የቁጠባ ደብተራቸውን ራሳቸው አንብበው ሲፈርሙ፣ «አውራ ጣትሽን ቀለም ንከሪ» የተባለችው እናታቸው ትታያቸዋለች።

ከዚያ ወዲህ 1977ቱ ድርቅ መጣ፤ ጦርነቱም ቀጠለ። ስለ ድርቁ እዚህ ብዙ አንልም፤ ያላየው ቤት የለምና። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በክፉ ዘመን ከትምህርት ቤት መጀመሪያ የምትወጣው ሴት ልጅ ናት፤ መጨረሻ የምትመለሰውም እሷው ናት።

ሕጉ የሰጠን

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተመራቂዎች ምደባ እየቀረ ሄዶ ሥራ ፈላጊው ሁሉ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ዞረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚህም አልፎ፣ ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸው የበታችነት ታስቦ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በቅጥር፣ በደረጃ ዕድገት፣ በእኩል ክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ እኩል መብት እንዳላቸውም ተጽፏል።

ይህ ወደ ሠራተኛ ሕጎቹ ወረደ። በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999ም ሆነ እሱን በተካው ቁጥር 1064/2010፣ ሴት ተወዳዳሪ ከሌላው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል። የወሊድ ፈቃድም በ1064/2010 ከቀድሞው 90 ቀን ወደ 120 ቀን አድጓል፤ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በየቢሮው «ሴቶች በነፃ ነው የሚገቡት» የሚል ወሬ እንሰማለን። ሕጉ እንደዚያ አይልም። ሕጉ የሚለው ውጤትሽን ከላይኛው አጠገብ አድርሺው፣ የቀረችውን ትንሽ ርቀት እኔ እሸፍናለሁ ነው። 50 ያመጣችውን 80 ካመጣው አያስቀድምም። ስለዚህ የድጋፍ እርምጃው ጥናትን የሚተካ አይደለም፤ የሚጠቅመውም ላጠናች ሴት ብቻ ነው።

ማጣሪያው ወደ ተቀጠሩትም ሲመጣ

ባለፉት ዓመታት በአገራችን ፈተና በረከተ። የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ የብቃት ምዘና፣ ማለትም «ሲኦሲ» የምንለውን ማለፍ አለበት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ሲጀመር ያለፉት ከ100 ተፈታኝ 40 ያህሉ ናቸው።

ከዚያም ነገሩ ወደ ሠራተኛው መጣ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኞቹንና አመራሮቹን የብቃት ፈተና አስፈተነ፤ ብዙዎችም ሳያልፉ ቀሩ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም ለብቃት ምዘና ትልቅ ቦታ ሰጥቷል። የአዲስ አበባው ዜና በተሰማ ሰሞን በማኅበራችን ውስጥ ያልተነጋገረችበት የለችም ማለት ይቻላል። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ በነበረው የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር በሚባለው፣ ለገዛ ወንበራቸው እንደ ገና የተወዳደሩ አባሎች አሉን። እነሱ ነገሩን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ሁለት ሐሳብ አለ፤ ሁለቱንም እዚህ ማስፈር ተገቢ ነው። አንደኛው ወገን «ሃያ ዓመት የሠራችን ሴት በአንድ ቀን ወረቀት መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው» ይላል። መዝገብ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል የት እንዳለ ዓይኗን ጨፍና የምታውቅ ሴት፣ ኮምፒውተር ላይ የሚመጣ ጥያቄ ስለ ረበሻት ብቻ አትችልም ልትባል ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ፈተና ከሌለ ማን ይጠቀማል? ዘመድ ያለው ነው። እኛ ደግሞ ዘመድ የለንም» ይላል። ከአባሎቻችን አንዷ ተፈትና ጥሩ እንደ ሠራች እያወቀች ውጤቱ ሳይለጠፍ ቀርቶ፣ መደቡ ላይ ለፈተና ያልተቀመጠ ሰው ተቀጥሮ አግኝታለች። ያቺን ሴት የጎዳት ፈተናው ሳይሆን ፈተናው መጣሱ ነው።

እኛ ከታሪኩ ተነሥተን ስናየው ሁለተኛው ሐሳብ ያመዝንብናል፤ የመጀመሪያው ግን መሰማት አለበት። ፈተና ፍትሐዊ የሚሆነው ማስታወቂያው በግልጽ ሲለጠፍ፣ የመዘጋጃ ጊዜ ሲሰጥ፣ ጥያቄው ከሥራው ጋር ሲገናኝ፣ ውጤቱ ሲለጠፍና ቅሬታ ሲሰማ ነው። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ተመልሰን ደጅ ጥናት ውስጥ ነን፤ በሩ ብቻ የመስታወት ሆኗል።

የጠፋው ወረቀት

ማጣሪያ ማለት የጽሑፍ ፈተናው ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ማጣሪያ የማስረጃ ነው። ዲፕሎማ፣ የተማሪ ውጤት ዝርዝር፣ የብቃት ምዘና ማረጋገጫ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ሁሉም ዋናው ከነኮፒው ይጠየቃል። በእኛ አካባቢ ብዙ ሴት የምትወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያም መርሳም በጦርነቱ እጅ ውስጥ ነበሩ። ቤት ተዘረፈ፣ መሥሪያ ቤት ተዘረፈ፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተዘረፈ። ልጅ አንጠልጥላ የወጣች ሴት ዲፕሎማዋን አላስታወሰችም፤ ማስታወስም አይጠበቅባትም ነበር። ስትመለስ ሳጥኑ ተገልብጦ፣ ወረቀቱ ተበትኖ ወይም ተቃጥሎ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህም ሰላሙ እንደ ተመኘነው አልረጋም። መንገድ ሲዘጋ ለማስረጃ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደሴ መሄድ አይቻልም። ባሕር ዳር ከወልድያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ማስታወቂያውም አይታይም፣ ምዝገባውም ያልፋል።

ስለዚህ ለአባሎቻችን ሁሉ የምንለው የመጀመሪያው የፈተና ዝግጅት መጽሐፍ መግዛት አይደለም። የጠፋ ማስረጃ ካለ ዛሬውኑ ምትክ መጠየቅ ነው። ያለውን ደግሞ ሦስት ቦታ ማስቀመጥ፤ አንድ ኮፒ በቤት፣ አንድ ኮፒ በማኅበሩ ሣጥን፣ ፎቶው በስልክና ሩቅ በሚኖር ዘመድ ስልክ። ስም ላይ የፊደል ልዩነት ካለ፣ ለምሳሌ በመታወቂያው «ፋጡማ»፣ በዲፕሎማው «ፋጡማህ» ከሆነ፣ ከማስታወቂያው በፊት ይስተካከል። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ የሚሰጠው የምዝገባ ጊዜ የጥቂት ቀናት ነው።

ለወረቀቱ ፈተና ምን እናጥና?

በጥናት ቡድናችን ውስጥ ለሒሳብ፣ ለግዥ፣ ለንብረትና ለሰው ሀብት መደቦች የምንዘጋጅ አለን። ተፈትነው የመጡት እንደሚነግሩን ጥያቄዎቹ በአራት ይከፈላሉ፤ የሙያ፣ የሕግና የመመሪያ፣ የኮምፒውተር፣ እንዲሁም የማመዛዘንና የቋንቋ። ብዙዎቻችን የሙያውን ብቻ አጥንተን እንገባለን። የሚጥለን ግን መመሪያው ነው።

ለሒሳብና ለንብረት መደብ የሚጠቅመው የዕለት ሥራውን ሰነድ በስሙና በቁጥሩ ማወቅ ነው። ዕቃ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19፣ የሚጠየቀው በሞዴል 20፣ ወጪ የሚደረገው በሞዴል 22 ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ዴቢትና ክሬዲት ማለት «ገቢና ወጪ» ማለት አለመሆኑን በምሳሌ መረዳት ያስፈልጋል። በቃል የተሸመደደ ትርጉም ጥያቄው ሲገለበጥ ይጠፋል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ቢሆን የጡረታ መዋጮዋ ስንት ነው? ሠራተኛዋ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ስለዚህ ከደመወዟ የሚቆረጠው 420 ብር ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚጨምረው 660 ብር ነው። ወደ ጡረታ ፈንድ የሚገባው ድምር 1,080 ብር ነው። ብዙ ተፈታኝ 1,080ውን ከደመወዝ ይቀንሳል፤ ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። 660ው የመሥሪያ ቤቱ ወጪ እንጂ የሠራተኛዋ ተቀናሽ አይደለም። ይህን ስናሰላ ጡረታ ራሱ ምን እንደ ሆነም እንማራለን። ተቀጥራ የምትሠራ ሴት በእርጅናዋ የልጆቿን እጅ እንዳታይ የሚያደርጋት ይህ 1,080 ብር ነው። ለፈተናው የምንደክመው ለዚህም ጭምር ነው።

ሰዓቱ ከየት ይምጣ?

በቡድናችን ውስጥ አንድ ቀላል ሒሳብ ሠርተን ነበር። እያንዳንዷ ሴት ከንጋት እስከ መኝታ ያለውን ቀኗን በሰዓት ጻፈችው። ውኃ፣ እንጀራ፣ ልጅ ማድረስ፣ ሥራ ወይም ገበያ፣ ወጥ፣ ልብስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለቅሶ። በመጨረሻ ለጥናት የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ነበር፤ እሱም መብራት ካለ። አብሯት የሚፈተን ወንድሟ ግን እራት ቀርቦለት በልቶ ይቀመጣል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ይሰጣቸዋል። የፈተናው ወረቀት እኩል ነው፤ የመጡበት መንገድ ግን እኩል አይደለም።

ማኅበራችን ሊሠራ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ሕግ ማውጣት አንችልም፤ ሰዓት ግን እርስ በርሳችን መበዳደር እንችላለን። የእቁብን ሥርዓት ለሰዓት አውለነዋል። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት አባሎች የሁሉንም ልጆች ይይዛሉ፤ ሌሎቹ ያጠናሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይዞራል። ማስታወቂያ ሲወጣ መርሳ ያለችው አባል ለወልድያዋ፣ የወልድያዋ ለውርጌሳና ለጊራናዎቹ በስልክ ታነብላቸዋለች። ተፈትና የተመለሰች ሴት ያስታወሰችውን የጥያቄ ዓይነት ለሌሎቹ ታስረዳለች። ያለፈችው ደግሞ ለቀጣዩ ዙር አስጠኚ ትሆናለች።

የለጋሾቻችንን ድጋፍ የምንጠይቀውም ትልቅ ነገር አይደለም። የአዋጆችና የመመሪያዎች ኮፒ፣ በጋራ የምንለማመድበት ኮምፒውተር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የፀሐይ መብራት፣ የጠፋ ማስረጃ ለማስመለስ የሚያስፈልግ የመንገድና የአገልግሎት ክፍያ። እነዚህ በደረሰኝ የሚገቡና በደረሰኝ የሚወጡ ናቸው፤ ሒሳቡን በየሩብ ዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ እናወጣለን።

በአማርኛችን በር ላይ መቆምም ጥናት፣ መጽሐፍ መግለጥም ጥናት ይባላል። አያቶቻችን የመጀመሪያውን ጠንተው ለርስታቸው ተከራክረዋል። እናቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ሁለተኛውን ጀመሩት። ለእኛ የደረሰን ተራ እሱን መቀጠል ነው። ለሚቀጥለው ማስታወቂያ የምትዘጋጁ አባሎች የማስረጃችሁን ኮፒ ይዛችሁ ወደ ጥናት ቡድኑ ኑ፤ ልጆቻችሁንም አምጧቸው፤ የሚይዛቸው ሰው አለ።